ጎልፍ ለማየት ከሜዳው ጀምሩ

ደብረ ማርቆስ ላይ ቅዳሜና እሑድ ዲኤስቲቪ ቤት የሚከፈተው ፕሪሚየር ሊግ ነው። ጨዋታው አልቆ ሰው ሲበታተን፣ ሪሞት የያዘው ልጅ ቻናል ሲቀያይር አንዳንዴ ጎልፍ ላይ ያርፋል። እንዲህ ባለ አንድ ምሽት አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ዝም ብለው ካዩ በኋላ “ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ማንን ነው የሚገጥመው?” አሉኝ።

“ሜዳውን ነው አባባ” አልኳቸው።

ጎልፍን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ ጥያቄ አላውቅም። ሌሎቹ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው ከዚያው ሜዳ ጋር የየራሳቸውን ትግል ይዘዋል። አንዱ ሌላውን አይነካውም፣ አይከላከለውም፣ ኳሱንም አይቀማውም። መጨረሻ ላይ ሜዳው ትንሽ ያስከፈለው ሰው ያሸንፋል። ይህ ከገባችሁ ግማሹ ገብቷችኋል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ግን ከተጫዋች ስም ይጀምራል። ታይገር ዉድስ ማን ነው፣ ስንት ዋንጫ አለው ይላል። እኔ በሌላው በር ግቡ ባይ ነኝ። ሦስት አራት ሜዳዎችን በደንብ እወቁ። ተጫዋቾቹን ሜዳው ራሱ ያስተዋውቃችኋል። የእግር ኳስ ሜዳ የትም ቢሆን ያው አራት ማዕዘን ነው፤ ማንም ልብ ብሎ አያየውም። በጎልፍ ግን አንዱ ሜዳ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ነው፣ ሌላው ጫካ ውስጥ፣ ሌላው ተራራ ላይ። ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው መሬት ማየት ያውቃል። ተዳፋቱን፣ ውኃው የሚተኛበትን፣ ነፋሱ የሚመጣበትን ገበሬው ሞፈርና ቀንበር ሳያነሳ ይለየዋል። የጎልፍ ተመልካችም የሚያስፈልገው ያው ዓይን ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በስተቀር፣ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መሠረቱ

አንድ ሙሉ ሜዳ 18 ቀዳዳዎች አሉት። እያንዳንዱ ቀዳዳ የራሱ መነሻ፣ የራሱ መንገድና የራሱ መድረሻ አለው። መነሻው ቲ ይባላል። በአጭሩ የታጨደው መንገድ ፌርዌይ ነው። ግራና ቀኙ ረዘም ያለ ሣር አለ፤ ረፍ ይሉታል። በየቦታው ባንከር የሚባሉ የአሸዋ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ውኃም አለ። መድረሻው ላይ እንደ ምንጣፍ ተላጭቶ የተስተካከለው ሣር ግሪን ነው። ባንዲራ የተተከለባት ጉድጓድ እዚያ ላይ ናት። የጉድጓዷ ስፋት 108 ሚሊሜትር ነው። ኳሷ ደግሞ 43 ሚሊሜትር ገደማ ናት። ተጫዋቹ በአንድ ዙር ከ14 በላይ ዱላ መያዝ አይፈቀድለትም።

ለእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ጎበዝ ተጫዋች በስንት ምት መጨረስ እንዳለበት አስቀድሞ ተወስኗል። ፓር የሚሉት ይህንን ነው። አጭሩ ቀዳዳ ፓር 3 ነው፣ መካከለኛው 4፣ ረጅሙ 5። ድምሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 72 ይሆናል። ከፓር በአንድ ምት ካነሰ በርዲ፣ በሁለት ካነሰ ኢግል ይባላል። በአንድ ከበለጠ ቦጊ፣ በሁለት ከበለጠ ደብል ቦጊ ነው።

ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ተቀናሽ 11 የሚል ካያችሁ ሰውየው ከፓር በ11 ምት አንሷል ማለት ነው። በጎልፍ ትንሽ ቁጥር ነው ጥሩ። ከፓር በታች ያሉት ብዙ ጊዜ በቀይ ይጻፋሉ። የእንግሊዝኛዋ ኢ ፊደል ልክ ፓር ላይ ነው ማለት ነው። ኤፍ ካያችሁ የዕለቱን 18 ቀዳዳ ጨርሷል። በኤፍ ፋንታ ቁጥር ካለ ገና ስንተኛው ቀዳዳ ላይ እንደደረሰ ይነግራችኋል። ይህቺን ልብ በሉ። ተቀናሽ 8 ሆኖ የጨረሰና ተቀናሽ 8 ሆኖ አምስት ቀዳዳ የቀረው ሰው እኩል አይደሉም።

ውድድሩ አራት ቀን ነው፤ ከሐሙስ እስከ እሑድ፣ በየቀኑ 18 ቀዳዳ፣ ድምሩ 72። ዓርብ ማታ ካት የሚባል ማጣሪያ አለ። በፒጂኤ ቱር፣ ማለትም በአሜሪካው ትልቅ የውድድር ማኅበር፣ በመደበኛው ውድድር የመጀመሪያዎቹ 65 እና ከ65ኛው ጋር እኩል የሆኑት ያልፋሉ፤ የቀሩት ሻንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ። የተባረረው ከሽልማቱ ሳንቲም አያገኝም። የአውሮፕላኑን፣ የሆቴሉን፣ ዱላ ተሸካሚውን ካዲ የሚከፍለው ከኪሱ ነው። ለዚህ ነው ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ካሜራው መሪዎቹን እያሳየ ሳለ፣ እኔ 60ኛና 70ኛ ደረጃ አካባቢ ያሉትን የምከታተለው። እውነተኛው ጭንቅ ያለው እዚያ ነው። አንድ ሜትር ከምትሞላ ርቀት የሳተ ሰው የሳምንት ደመወዙን ሊያጣ ይችላል።

አጭሩ ቀዳዳ ያጠፋቸው

አራት ውድድሮች ከሁሉም በላይ ናቸው፤ ሜጀር ይባላሉ። ማስተርስ በሚያዝያ መግቢያ፣ ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ በግንቦት፣ ዩኤስ ኦፕን በሰኔ፣ የብሪታንያው ዘ ኦፕን ደግሞ በሐምሌ ይካሄዳሉ። ሦስቱ በየዓመቱ ሜዳ ይቀይራሉ። ማስተርስ ብቻ ከ1934 ጀምሮ አንድ ቦታ ነው። ቦታው አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ ያለው ኦገስታ ናሽናል ነው። ለጀማሪ ተመልካች ከዚህ የተሻለ የለም። ሜዳው ስለማይቀየር የዓምናው ታሪክ በሙሉ ዘንድሮም ይሠራል።

መሬቱ ቀድሞ የአበባና የችግኝ ማፍያ ነበር። ቦቢ ጆንስ የተባለው ታላቅ ተጫዋችና አሊስተር ማኬንዚ የተባለው የሜዳ ነዳፊ ወደ ጎልፍ ሜዳ ለወጡት። ቴሌቪዥን ላይ ጠፍጣፋ ይመስላል። ግን ትልቅ ቁልቁለት ያለው መሬት ነው።

12ኛውን ቀዳዳ በቅርበት እንየው። ርዝመቱ 155 ያርድ ነው፣ 142 ሜትር ገደማ። ለነዚህ ሰዎች ይህ ምንም አይደለም። አብዛኞቹ እዚህ ከሚያነሷቸው አጫጭር ዱላዎች በአንዱ፣ በአንድ ምት ግሪኑ ላይ ያሳርፋሉ። ታዲያ ምኑ ነው የሚያስፈራው?

ግሪኑ ወደ ጎን ሰፊ ነው፣ ወደ ኋላ ግን ጠባብ። ከፊቱ ሬይስ ክሪክ የሚባል ወንዝ ያልፋል። ከኋላው ባንከርና ቁጥቋጦ አለ። ከሁሉ የከፋው ግን ግሪኑ ሰያፍ መቀመጡ ነው፤ ቀኝ ጎኑ ከግራው ይርቃል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተጫዋች ሲስት ኳሱ ወደ ቀኝ ካዘነበለች ብዙ ጊዜ ታጥራለች። ስለዚህ ርቀት በሚፈልገው በኩል አጥራ ወንዝ ትገባለች። ወደ ግራ ከሳበው ደግሞ ኳሷ ትረዝማለች፤ ግራው ቅርብ ስለሆነ አልፋ ከኋላ ትወድቃለች። በዚህ ላይ ነፋስ አለ። ቦታው ዝቅተኛና በዛፍ የተከበበ በመሆኑ ነፋሱ ይዞራል። ባንዲራው ላይ አንድ አቅጣጫ ይነፍሳል፣ ተጫዋቹ የቆመበት ጋ ሌላ። እሑድ ደግሞ ጉድጓዷን ቀኝ ጥግ ላይ ያስቀምጧታል።

በ2016 ጆርዳን ስፒዝ የመጨረሻውን ቀን ግማሽ በ5 ምት እየመራ ጨረሰ። 10ኛውና 11ኛው ላይ ቦጊ ሠራ። 12ኛው ላይ ሁለት ኳስ ወንዝ ከተተ። በ3 ማለቅ የነበረበትን በ7 ጨረሰ። ዋንጫው ለዳኒ ዊሌት ሆነ። በ2019 መሪው ፍራንቼስኮ ሞሊናሪ እዚያው ውኃ ገባ። ከፊቱ የነበሩ ሌሎችም ገብተው ነበር። ታይገር ዉድስ ባንዲራውን ትቶ ከባንከሩ በላይ ወደ ግሪኑ መሀል መታ። ከዚያ ኳሷን ሁለት ጊዜ ወደ ጉድጓዷ ገፍቶ በ3 ጨረሰ። 15ኛ ሜጀሩን ያሸነፈው በዚያ ቀን ነው። በማግስቱ ዓመት ያው ታይገር እዚያው ቀዳዳ ላይ ሦስት ኳስ ውኃ ከቶ 10 ምት ፈጀ።

እንግዲህ እሑድ ማታ አንድ ተጫዋች 12ኛው ቲ ላይ ቆሞ ሣር ቆርጦ ሲበትን፣ ዱላ አውጥቶ ሲመልስ፣ ከካዲው ጋር ሲንሾካሾክ ብታዩ ለምን እንደሚያመነታ ታውቃላችሁ። ኳሱ አየር ላይ ያለችባት ጥቂት ሰከንድ ከማንኛውም ፍጹም ቅጣት ምት በላይ ልብ ትሰቅላለች።

በግ የቆፈረው የሚባል ሜዳ

ሁለተኛው ማወቅ ያለባችሁ ሜዳ ስኮትላንድ ውስጥ ነው። ሴንት አንድሩስ፣ ኦልድ ኮርስ። 18 ቀዳዳ የሚባለው ቁጥር ራሱ የመጣው ከዚህ ነው። ሜዳው በፊት 22 ነበረው። በ1764 አንዳንዶቹን አገናኝተው 18 አደረጉት። ቀስ በቀስ ዓለም ተከተለው።

ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። ባሕር ዳር ያለ አሸዋማ መሬት ነው፤ ሊንክስ ይባላል። ሣሩ ቀጭን፣ መሬቱ ጠንካራ ነው። ኳሷ ስታርፍ አትቆምም፣ ትነጥርና ትንከባለላለች። ስለዚህ ተጫዋቹ ኳሷ የምትወድቅበትን ብቻ ሳይሆን ወድቃ የምትሄድበትንም ማስላት አለበት። 112 ባንከሮች አሉ። ብዙዎቹ ከቲው ላይ አይታዩም። እንደሚባለው አንዳንዶቹ የተጀመሩት በጎች ከነፋስ ለመጠለል በተኙበት ጉድጓድ ነው። በ2000 ታይገር እዚህ ዘ ኦፕንን በ8 ምት ልዩነት ሲያሸንፍ አራቱንም ቀን አንድም ባንከር አልገባም። ረጅም በመምታቱ ብቻ ያሸነፈ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ለኔ ግን ትልቁ ነገር የት መምታት እንደሌለበት ማወቁ ነው።

17ኛው ቀዳዳ መንገድ ዳር ነው። ግሪኑ ጀርባ አስፋልትና የድንጋይ አጥር አለ። ከግሪኑ ፊት በግራ በኩል ትንሽ ግን ጥልቅ የሆነ ባንከር አለ። በ1978 ጃፓናዊው ቶሚ ናካጂማ ግሪኑ ላይ ከደረሰ በኋላ ኳሱን ቀስ ብሎ ሲገፋት ተንከባልላ ባንከሩ ውስጥ ገባችበት። ከዚያ ለመውጣት ደጋግሞ መታ። ቀዳዳውን በ9 ጨረሰ።

ስለዚህ ሜዳ ከሁሉ የምወደው ሌላ ነገር ነው። የሕዝብ ነው። እሑድ እሑድ ጎልፍ የለም፤ የከተማው ሰው ከልጁና ከውሻው ጋር ይንሸራሸርበታል። ጎልፍ የሀብታም አጥር ብቻ እንዳልሆነ ለሚጠራጠር ሰው የምነግረው ይህንን ነው።

ዩኤስ ኦፕን ላይ ብዙ አልቆይም። የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ሜዳውን ሆን ብሎ ያከብደዋል። ረፉን ያሳድገዋል፣ ግሪኑን ያደርቀዋል። በ2025 ኦክሞንት በተባለው ሜዳ ላይ አራቱን ቀን ከፓር በታች የጨረሰው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጄ ጄ ስፖን፣ በተቀናሽ 1። የመጨረሻውን ቀዳዳ ከ20 ሜትር ገደማ ርቀት ገፍቶ ነው ያስገባው።

ከፍታ፣ ለእኛ ቅርብ የሆነው ጉዳይ

ጎጃም ውስጥ ለሚኖር ሰው በጎልፍ ፊዚክስ ውስጥ አንድ ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ። ከፍታ ነው።

ኳሷ ላይ ከ300 በላይ ትንንሽ ስርጉዶች አሉ። ስትመታ ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ትሄዳለች። ሽክርክሩና ስርጉዶቹ ተባብረው አየሩን ወደ ታች ይገፉታል፤ አየሩ ደግሞ እሷን ወደ ላይ ያነሳታል። በሌላ በኩል አየሩ ይጎትታታል። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳል። መጎተቱ ይቀንሳል፣ ማንሳቱም ይቀንሳል። ውጤቱ ግን ኳሷ ርቃ መሄዷ ነው። ደግሞ ወደ ጎን የመታጠፍ አቅሟ ያንሳል። ሆነ ብሎ ኳስ እያጠመዘዘ የሚጫወት ሰው መሣሪያው ይደነዝዝበታል። የሳተው ግን ስህተቱ በመጠኑ ይቀንስለታል።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በተለመደው ስሌት እዚህ የተመታ ኳስ ባሕር ዳርቻ ላይ ከተመታው 10 በመቶ ገደማ ይርቃል። ደጀን አናት ላይ የተመታና ዓባይ በረሃ ድልድዩ ጋ የተመታ ኳስ እኩል አይሄዱም። በመካከላቸው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። የበረሃው ሙቀት አየሩን ስለሚያሳሳው ልዩነቱን ትንሽ ያጠበዋል እንጂ አያጠፋውም።

ከ2017 እስከ 2020 አንድ ትልቅ የዓለም ውድድር ሜክሲኮ ሲቲ አጠገብ፣ ቻፑልቴፔክ በተባለ ሜዳ ይካሄድ ነበር። ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ብዙ አይርቅም። ተጫዋቾቹ ሳምንቱን በሙሉ ርቀት ሲያሰሉ ነበር የሚያሳልፉት። ዕድሜ ልካቸውን “ይህ ዱላ 150 ሜትር ነው” ብለው የያዙት ቁጥር እዚያ አይሠራም። ካዲው ማስታወሻውን ይዞ ያባዛል፣ ያካፍላል። ደስቲን ጆንሰን ሁለት ጊዜ አሸንፎበታል።

በ2024 ደግሞ ኮሎራዶ ውስጥ ካስል ፓይንስ የተባለ ሜዳ የቢኤምደብሊው ሻምፒዮንሺፕን አስተናገደ። ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ከባሕር ዳር ከተማ ትንሽ ከፍ ይላል። አዘጋጆቹ ኳሷ እንደምትርቅ ስላወቁ ሜዳውን 8,130 ያርድ አደረጉት። በፒጂኤ ቱር ታሪክ ረጅሙ ነው። ኪገን ብራድሊ አሸነፈ። ሰሌዳው ላይ አንድ ሰው 380 ያርድ መታ ሲባል ከማጨብጨባችሁ በፊት ሜዳው የት እንዳለ እዩ።

ቱሮቹና ጠባቸው

ቱር ማለት በየሳምንቱ ከተማ እየቀየረ የሚሄድ የውድድር ማኅበር ነው። ትልቁ የአሜሪካው ፒጂኤ ቱር ነው። በ1968 ነው ራሱን የቻለው። የአውሮፓው በ1972 ተመሠረተ፤ አሁን ዲፒ ወርልድ ቱር ይባላል። መነሻው አውሮፓ ቢሆንም አፍሪካና እስያም ይዞራል። ደቡብ አፍሪካ ሰንሻይን ቱር አላት። የሴቶቹ ኤልፒጂኤ የተመሠረተው በ1950 ነው፤ የራሱ አምስት ሜጀሮች አሉት።

ተጫዋቾቹ የቱሩ ተቀጣሪ አይደሉም። በየሳምንቱ የመጫወት መብት የሚሰጥ ካርድ ነው የሚይዙት። በዓመቱ መጨረሻ በነጥብ ወደ ኋላ የቀረ ካርዱን ያጣል። ፒጂኤ ቱር ካርዳቸውን የሚያስቀጥሉትን ከ125 ወደ 100 ቀንሷል። ስለዚህ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ትልልቆቹ ዕረፍት በወጡበት ሰዓት፣ 100ኛ ደረጃ ላይ ያለው ሰው እንጀራውን ለማስቀጠል ይታገላል።

በ2022 ሊቭ ጎልፍ መጣ። ገንዘቡ የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት ኢንቨስትመንት ፈንድ ነው። ሦስት ቀን፣ 54 ቀዳዳ፣ ካት የሌለው፣ በቡድንም የሚጫወቱበት ነበር። ፊል ሚክልሰን፣ ደስቲን ጆንሰን፣ ብሩክስ ኬፕካ ሄዱ። ፒጂኤ ቱር የሄዱትን አገዳቸው። በሰኔ 2023 ሁለቱ ወገኖች እንስማማ አሉ፤ ስምምነቱ ግን ለዓመታት ሳይቋጭ ቆየ። በ2025 መገባደጃ ሊቭ ራሱ ከ2026 ጀምሮ ወደ 72 ቀዳዳ እንደሚዞር አስታወቀ።

እኔ በዚህ ነገር ያለኝ አቋም ግልጽ ነው። ካት የሌለው ውድድር ጨው የለውም። ገንዘቡ ቀድሞ ከተረጋገጠ ዓርብ ማታ የሚያስጨንቅ ነገር አይኖርም። ተመልካቹን የጎዳው ሌላው ነገር ደግሞ ምርጦቹ መለያየታቸው ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ለማየት ሜጀሮቹን መጠበቅ ግድ ሆነ።

ከአፍሪካ

የአፍሪካ ጎልፍ ሲነሳ ደቡብ አፍሪካ ትቀድማለች። ጋሪ ፕሌየር 9 ሜጀር አለው። ኤርኒ ኤልስ 4። ሉዊ ኡስትሃይዘን በ2010 ሴንት አንድሩስ ላይ ዘ ኦፕንን አሸንፏል። የአገሪቱን ታሪክ በሙሉ የያዘልኝ ግን አንድ ሜዳ ነው፤ ደርባን ካንትሪ ክለብ።

ፓፕዋ ሰውጎሉም የሕንድ ዝርያ ያለው የደርባን ልጅ ነበር። ጎልፍ የለመደው ካዲ ሆኖ ነው። ዱላውን የሚይዘው እጁን ከሌላው ሰው ገልብጦ ነበር። የኔዘርላንድስ ኦፕንን ሦስት ጊዜ አሸንፏል። በ1963 በደርባን ካንትሪ ክለብ የናታል ኦፕንን አሸነፈ። አፓርታይድ ስለነበር ወደ ክለቡ ቤት መግባት አልተፈቀደለትም። ዋንጫውን የተቀበለው ውጭ፣ ዝናብ ላይ ቆሞ ነው። ፎቶው ዓለምን ዞረ።

በ2025 በዚያው ሜዳ ላይ የደቡብ አፍሪካ ኦፕን ተካሄደ። አሸናፊው ዲላን ናይዱ ነው፤ የሕንድ ዝርያ ያለው ደቡብ አፍሪካዊ። ሜዳ ተከታተሉ የምለው ለዚህም ነው። ተጫዋች ብቻ የሚከታተል ሰው ናይዱ አንድ ዋንጫ በላ ብሎ ያልፋል።

ከጎጃም ሆኖ እንዴት?

ሰዓቱን እናስላ። ለጀማሪ የሚመቸው ዘ ኦፕን ነው። ብሪታንያ በበጋዋ ከእኛ ሁለት ሰዓት ብቻ ትዘገያለች። ሐሙስ የመጀመሪያው ኳስ የሚመታው በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እሑድ መሪዎቹ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይነሳሉ፤ ማታ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ዋንጫው ይነሳል። ሐምሌ ነው፣ ክረምት ነው፣ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም። ቡና ይፈላል፣ በቆሎ ይጠበሳል፣ ጎልፍ ይታያል።

የአሜሪካው ይከብዳል። ማስተርስ እሑድ መሪዎቹ የሚጀምሩት በእኛ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የሚያልቀው ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ነው። የ2025ቱ የመጨረሻ ቀን ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ ሆሳዕና። ቀን የዘንባባ ቀለበት ጣቱ ላይ ያሰረ ሰው ሌሊቱን ሮሪ ማኪልሮይን አየ።

ይህ ሰው በ2011 ኦገስታን በ4 ምት እየመራ እሑድ ገብቶ 80 መትቶ የወደቀ ነው። ከ2014 በኋላ አንድም ሜጀር አላገኘም ነበር። ያን ምሽት የመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ ደብል ቦጊ ሠራ። 13ኛው ላይ ለልጅ የሚቀል ከሚመስል ርቀት ወንዝ ከተተ። 15ኛው ላይ ዛፍ አልፎ የሚገርም ምት መታ። 18ኛው ላይ አጭሯን ሳታት። ከጀስቲን ሮዝ ጋር በተቀናሽ 11 እኩል ሆኑ። ተጨማሪው ቀዳዳ ላይ በርዲ ሠርቶ አሸነፈ፤ ሣሩ ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ። አራቱንም ሜጀሮች ያሸነፈ ስድስተኛ ሰው ሆነ። እኛ ጋ ሰኞ ገብቷል፣ ሰሙነ ሕማማት ጀምሯል።

ዲኤስቲቪ ያለው ቤት ሱፐርስፖርት ላይ ጎልፍ ያገኛል። ችግሩ ቻናሉን የሚያስከፍት ሰው ማጣት ነው፤ እሑድ ማታ ኳስ ካለ አይሞከርም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ በስልክ ነው። ደስ የሚለው ነገር የውጤት ሰሌዳው ጽሑፍ በመሆኑ ብዙ ዳታ አይበላም። ኔት ሲደክምም ይከፍታል። ሜዳውን የምታውቁ ከሆነ ሰሌዳው ብቻውን ይተርክላችኋል። 12ኛው ቀዳዳ ላይ 5 የሚል ቁጥር ካያችሁ ወንዙ ትዝ ይላችኋል።

ሰሌዳውን ከለመዳችሁ አንድ መለኪያ ጨምሩ፤ ስትሮክስ ጌንድ ይባላል። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርክ ብሮዲ ያዳበረው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ የቱር ተጫዋች ከ10 ሜትር ገደማ ርቀት ግሪን ላይ ሲገፋ በአማካይ በ2 ምት ይጨርሳል። በአንድ ካስገባ ከሌላው አንድ ምት አተረፈ፤ ሦስት ከፈጀበት አንድ ምት ከሰረ። ከሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ደግሞ ግማሹ ይገባል፣ ግማሹ ይስታል። እንዲህ እያሉ እያንዳንዱን ምት ይመዝኑታል። አንድ ሰው ያሸነፈው በረጅም ምቱ ነው ወይስ ግሪን ላይ፣ ይለይላችኋል።

በዓይን ማየት ለሚፈልግ ለእኛ ቅርቡ ናይሮቢ ነው። ኬንያ ኦፕን ከ1967 ጀምሮ አለ። በ1978 ወጣቱ ስፔናዊ ሴቬ ባየስቴሮስ አሸንፎታል። ከ2019 ጀምሮ የአውሮፓው ቱር ዋና ውድድር አካል ነው። የሚውለው በየካቲት ገደማ፣ ሙታይጋ ወይም ካረን በሚባሉት ክለቦች ነው። ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። የሰዓት ልዩነት የለም። ናይሮቢም ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ኳሷ ትርቃለች።

የሄደ ሰው ሐሙስ ወይም ዓርብ ቢገባ ይሻለዋል። ሰው አይበዛም፣ ከተጫዋቹ ጥቂት ሜትር ላይ መቆም ይቻላል። ስልክ ድምፁ ይጥፋ። ተጫዋቹ ኳሷ ላይ ሲቆም አትንቀሳቀሱ። ጠዋት ከአንድ ምድብ ጋር 18ቱንም ቀዳዳ በእግር ዙሩ፤ መሬቱ ሲወጣና ሲወርድ ቴሌቪዥን የደበቀው ሁሉ ይታያችኋል። ከሰዓት በኋላ አንድ አጭር ፓር 3 መርጣችሁ ግሪኑ ጎን ተቀመጡ። ሃምሳ ሰው ያንኑ ምት ሲሞክር ታያላችሁ።